የዐባይ ሸለቆ ዕድሜና የአፈራችን መከላት፤ ዘመን በመሬት ላይ እንዴት እንደ ተለካ

መግቢያ

«ዐባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት በአገራችን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ዐባይ ይዞት የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም። በክረምት ወራት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገር በድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን የተመለከተ ሰው፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ነው ወይስ ቀልጦ የሚሄድ መሬት ነው ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ቀና ብሎ ግራና ቀኙን ገደል ሲያይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ይኸውም ወንዙ ይህን የሚያህል ሸለቆ ለመቈፈር ስንት ዘመን ፈጀበት የሚል ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሡን እነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የፊተኛው የሥነ ምድር ሊቃውንት፣ የኋለኛው የእርሻ ሊቃውንት ሥራ ነው እየተባለ ሁለቱ ለየብቻቸው ሲጠኑ ቆይተዋል። እኛ ግን የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን አድርገን ስንመረምር፣ አንድ ዓይነት ስሕተት በሁለቱም ላይ እየተመላለሰ መድረሱን አግኝተናል። ስሕተቱም አንድን ፍጥነት በአንድ ጊዜ ለክቶ፣ ያለፈውንና የሚመጣውን ዘመን ሁሉ በዚያው ፍጥነት መቍጠር ነው። የጽሑፋችን ዓላማ ይህን ማሳየትና ለዛሬው ችግራችን ምን ትምህርት እንደሚሰጥ መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩. ከሄሮዶቱስ እስከ ዳርዊን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ የታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ፣ የታችኛው ግብፅ ምድር ወንዙ ያመጣው ደለል መሆኑን አስተውሎ ነበር። ምስክር አድርጎ ያቀረባቸውም በኰረብታ ላይ የሚገኙት የባሕር ዛጎሎች፣ ከመሬቱ የሚወጣው ጨውና ከጎረቤት አገሮች አፈር የተለየው ጥቁር አፈር ናቸው። ይህም አፈር ከኢትዮጵያ፣ ማለት እርሱ በዚያ ስም ከሚጠራው ከግብፅ በስተ ደቡብ ካለው አገር፣ በወንዝ ተጠርጎ እንደ መጣ ገልጧል። ሄሮዶቱስ በዚህ ብቻ አልተወሰነም፤ ወንዙ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ቀይ ባሕር ሰላጤ ቢፈስ፣ ሰላጤውን በ20,000 ዓመት፣ ምናልባትም በ10,000 ዓመት ውስጥ በደለል ይደፍነው ነበር ብሎ ገመተ። ቍጥሩ ትክክል መሆን አለመሆኑ አሁን አያስጨንቀንም። ዋናው ነገር ዐሳቡ ነው፤ የተከማቸውን ደለል በየዓመቱ በሚመጣው ደለል ብናካፍል ዘመኑን እናገኛለን የሚል ነው።

ይህ ዐሳብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ እንደገና ተነሣ። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ዊልድ የተባለው የደቡብ እንግሊዝ አገር ለመከላት ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት አስልቶ ነበር። 500 ጫማ ከፍታ ያለውን የባሕር ዳር ገደል ማዕበል በመቶ ዓመት አንድ ኢንች ይበላዋል ብሎ ከተነሣ በኋላ፣ ሥራው 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቷል ከሚል ውሳኔ ደረሰ። ብዙ ነቀፌታ ስለ ደረሰበት በ1861 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛ እትም ይህን ስሌት ጨርሶ አወጣው። ዛሬ እንደሚታወቀው በዚያ አገር ላይ ተነጥፎ የነበረው ነጭ የኖራ ድንጋይ ራሱ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ የመከላቱ ዘመን ከተከላው ድንጋይ ዕድሜ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። የዳርዊን የማካፈል ሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም፤ የተሳሳተው የተነሣበት ፍጥነት ነው።

ከዚህ በኋላ ፍጥነቱን በግምት ከመያዝ ይልቅ በወንዝ ላይ መለካት ተጀመረ። የስኮትላንዱ የሥነ ምድር ሊቅ አርቺባልድ ጊኪ በ1868 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተደረገውን ልክ መነሻ አድርጎ፣ ወንዙ ከሚያጠጣው አገር በ6,000 ዓመት አንድ ጫማ ያህል እንደሚከላ አሰላ። ይህ ከፊተኛው እጅግ የተሻለ ነበር። ሆኖም በተራራውና በሜዳው፣ በደኑና በእርሻው መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ በአንድ አማካይ ቍጥር የሚሸፍን ነው። ከዚህም በላይ የዛሬው ወንዝ የጥንቱን ወንዝ ይመስላል ብሎ የሚያምን ነው።

፪. የሸለቆው ንባብ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ዓ.ም. ግሽ ዐባይን አይተው ጽፈዋል። ሁለቱም የፈለጉት የውሃውን ምንጭ ነበር። የደለሉ ምንጭ ግን ግሽ አይደለም፤ የደለሉ ምንጭ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋና የሌላውም ደጋ የታረሰ ተዳፋት ነው። ይህን ለማወቅ አስቀድሞ የአገሩን የድንጋይ ድርድር መረዳት ያስፈልግ ነበር።

ይህን ሥራ በተሟላ ሁኔታ ከጀመሩት አንዱ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በሕንድ አገር የሥነ ምድር ምርመራ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረ ሰው ሲሆን፣ በ1868 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ፣ ጦሩ በሄደበት መንገድ ያየውን ድንጋይ ሁሉ መዝግቦ በ1870 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይና የአንታሎ የኖራ ድንጋይ እስከ ዛሬ የሚጠሩበትን ስም ያገኙት ከእርሱ ነው። በላያቸው የተነጠፈውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይም የአሸንጌና የመቅደላ ብሎ በሁለት ክፍል መደበው።

የዐባይ ሸለቆም የሚነበበው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከአፋፉ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ጥቁሩን ባዛልት፣ ከዚያ የላይኛውን አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕር በነበረበት ዘመን የተከማቸውን የኖራ ድንጋይ፣ ከርሱም በታች ጀሶ ያለበትን ድርብርብ ድንጋይ፣ በመጨረሻም በወንዙ አጠገብ የታችኛውን አሸዋማ ድንጋይ ያገኛል። ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ቍልቍለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል።

ይህ ንባብ ቅደም ተከተልን ይነግራል። የታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድምና ሸለቆው ከሁሉ በኋላ እንደ ተቈፈረ ያስረዳል፤ ወንዝ ያልተነጠፈውን ድንጋይ ሊቈርጥ አይችልምና። የዓመቱን ቍጥር ግን አይናገርም። ብላንፎርድም በድንጋዩ ላይ ቅደም ተከተሉን እንጂ ዓመቱን ሊያነብ የሚችልበት መሣሪያ አልነበረውም።

፫. ድንጋይ እንደ ሰዓት

መሣሪያው የተገኘው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ራዘርፎርድና ቦልትውድ የዩራኒየም መበስበስ የድንጋይን ዕድሜ ሊገልጥ እንደሚችል ከ1904 እስከ 1907 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አሳዩ። ለእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይልቅ የጠቀመው በኋላ የመጣው የፖታሲየምና የአርጎን ዘዴ ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንደዚህ ነው፤ በድንጋይ ውስጥ ያለው አንዱ የፖታሲየም ዓይነት በዝግታ እየበሰበሰ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ የቀድሞው አርጎን አምልጦ ይጠፋል፤ ሲረጋ ግን አዲሱ አርጎን በውስጡ ታስሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ የአርጎኑን መጠን በፖታሲየሙ መጠን የመዘነ ሰው ላቫው የረጋበትን ዘመን ያገኛል።

ኢያን ማክዱጋልና ባልደረቦቹ በ1975 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ የዐባይን ሸለቆ ባዛልት ለክተው፣ ከዚያም የመሬቱን መከላት ፍጥነት ለማውጣት ሞከሩ። በ1997 ዓ.ም. ሆፍማንና ባልደረቦቹ በተሻሻለው የአርጎን ዘዴ እንደ ገና ሲለኩ፣ የሰሜን ምዕራብ ደጋችን ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደ ተነጠፈ አረጋገጡ።

ነገር ግን የድንጋዩ ዕድሜ የሸለቆው ዕድሜ አይደለም። ቤት የተሠራበት ድንጋይ ከቤቱ እንደሚቀድም ሁሉ፣ ባዛልቱም ከሸለቆው ይቀድማል፤ በምን ያህል ይቀድማል ለሚለው ጥያቄ ሌላ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህንንም ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ በ2003 ዓ.ም. አቀረቡ። አፓታይት በሚባለው ማዕድን ውስጥ ያለው ዩራኒየምና ቶሪየም ሲበሰብስ ሂሊየም ይሰጣል። ማዕድኑ በምድር ጥልቀት ከ70 ዲግሪ ገደማ በላይ ሞቆ ሳለ ሂሊየሙ ያመልጣል፤ በላዩ ያለው መሬት ተከልቶ ሲቀዘቅዝ ግን ይታሰራል። ይህ ሰዓት እንግዲህ መቍጠር የሚጀምረው ድንጋዩ ሲፈጠር ሳይሆን በላዩ ያለው ሸክም ሲነሣለት ነው። ከዚህም የተገኘው ውጤት የዐባይ ሸለቆ መከላት ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደ ጀመረ፣ ማለት ባዛልቱ ከተነጠፈ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን የሚገልጥ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ናሂድ ጋኒና ባልደረቦችዋ የጥንቱን የደጋ ገጽ በሒሳብ መልሰው በመሥራት፣ ከ29 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ የተጠረገው ድንጋይ ቢያንስ 93,200 ኪሎ ሜትር ኵብ መሆኑን አስታወቁ። ከዚህም ጋር የወንዙ አቈራረጥ አንድ ወጥ እንዳልነበረ፣ በቀድሞው ዘመን ዝግ ብሎ ከ10 ሚሊዮን፣ ይልቁንም ከ6 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ እንደ ፈጠነ ገልጠዋል። ደጋው በየጊዜው ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዙም ቍልቍለት ስለሚያገኝ ይበልጥ ይቈርጣል።

እዚህ ላይ ራሳችን አንድ ስሌት ለመሥራት ደፍረናል። 93,200 ኪሎ ሜትር ኵብ ለ29 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል ለአንድ ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሜትር ኵብ ያህል ይደርሰዋል። የድንጋዩን ክብደት በሜትር ኵብ 2.7 ቶን ብናደርገው በዓመት ከ9 ሚሊዮን ቶን ያነሰ ይሆናል። ዛሬ ግን ዐባይ በሱዳን ወሰን የሚያሳልፈው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የዛሬው ከጥንቱ አማካይ ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ልዩነት ሁሉ ግን በገበሬው ማረሻ ላይ መጫን አይገባም። 93,200 የተባለው ዝቅተኛው ግምት ነው፤ ወንዙም በኋለኛው ዘመን መፍጠኑ ከላይ ተነግሯል። ይሁን እንጂ እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ከቈጠርን በኋላም የቀረው ልዩነት ትልቅ ስለ ሆነ፣ የሰው እጅ የለበትም ለማለት አንደፍርም።

፬. አፈሩን መለካት

በተወለድንበት አገር ሽማግሌዎች «መሬቱ ድንጋይ ያበቅላል» ይሉ ነበር። አባቶቻችን በየበጋው ከማሳው ድንጋይ ለቅመው በወሰኑ ላይ ይከምራሉ፤ በሚከተለው ዓመት ማረሻው ሌላ ድንጋይ ያወጣል። በልጅነታችን ድንጋዩ እውነት የሚበቅል ይመስለን ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን የሚመጣው ድንጋዩ ሳይሆን የሚሄደው አፈሩ ነው።

በአገራችን የአፈር መከላት በሥርዓት መለካት የተጀመረው በ1981 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በስዊሳዊው ሊቅ በሐንስ ሁርኒ መሪነት የበርን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የእርሻ ሚኒስቴር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀመሩ። የመጀመሪያው ጣቢያ በወሎ ማይባር ሲሆን፣ ቀጥሎ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖና በሌሎችም ስፍራዎች ተተከሉ። በየጣቢያው ከታረሰ ተዳፋት ላይ ጥቂት ቦታ ይከለላል፤ ከርሱ የሚወርደው ጎርፍ በገንዳ ይጠራቀማል፤ ከያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ውሃው ይለካል፣ አፈሩም ደርቆ ይመዘናል። ከዚህ ሥራ በመነሣት ሁርኒ የታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ያጣል ብሎ ገመተ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ደግሞ ከደጋው ሁሉ በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚነሣ ተነገረ።

42 ቶንን ወደ ውፍረት እንለውጠው። አንድ ሜትር ኵብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል 35 ሜትር ኵብ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ሄክታር ላይ ሲዘረጋ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር አፈር ያለው ማሳ፣ አዲስ አፈር ካልተተካለት፣ በ143 ዓመት ባዶ ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ስሌት ብዙ ጊዜ ሲጻፍ አይተናል።

አሁን የታሪክ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ እናንሣ። በሰሜን ኢትዮጵያ በበሬ ማረስ ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። 3.5 ሚሊ ሜትር በ2,000 ዓመት ሲባዛ 7 ሜትር ይሆናል። ሰባት ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በተዳፋት ላይ ነበረ የሚል ሰው አይገኝም። እነሆ የዳርዊን ስሕተት ተመልሶ መጣ! የተለካው ፍጥነት እውነት ነው፤ ለዘመናት ሁሉ አንድ ሆኖ ቆይቷል ማለት ግን እውነት ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱም ብዙ ነው። አንደኛ፣ ከተከለለው ቦታ የወጣ አፈር ሁሉ ከአገር አይወጣም፤ ከ1.9 ቢሊዮኑ ቶን አብዛኛው በተዳፋቱ ግርጌና በሜዳው ላይ ተመልሶ እንደሚያርፍ ያው የ1986ቱ ጥናት ገልጧል። ሁለተኛ፣ አዲስ አፈር ከድንጋዩ በዝግታ ይፈጠራል። ሦስተኛ፣ አባቶቻችን መሬቱን ያሳድሩት ነበር፤ ጎርፉን በፈሰስ ይመሩት፣ በወሰኑም ላይ ድንጋይ ይክቡ ነበር። የሕዝብ ብዛት ሲጨምር ግን መሬት ማሳደር ቀርቶ፣ ቀድሞ ለግጦሽ የተተወው ቀጥ ያለ ተዳፋትም ይታረስ ጀመር። ስለዚህ ዛሬ የሚለካው ፍጥነት ከሁሉ የከፋው የዘመናችን ፍጥነት ሊሆን ይችላል፤ የሁለት ሺህ ዓመት ልክ ግን አይደለም።

፭. የታሪክ ምስክሮች

መሬቱ መቼ ተራቈተ ለሚለው ጥያቄ ሦስት ምስክሮችን ብቻ እንጥራ።

የመጀመሪያው አክሱም ነው። ካርል ቡትሰር በ1981 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ለአክሱም መንግሥት መድከም አንዱ ምክንያት ከልክ ያለፈ እርሻ ያስከተለው የአፈር መከላት ነው ብሎ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ፍሬንች፣ ሱላስና ማዴላ የዚያኑ አገር ሸለቆዎች ደለል እንደገና መርምረው፣ መሬቱ ከተባለው ይልቅ ለብዙ ዘመን የረጋ ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። ስለዚህ «አክሱምን አፈሯ አጠፋት» የሚለውን ያለ ክርክር መቀበል አይቻልም።

ሁለተኛው የፎቶግራፍ ምስክር ነው። ከላይ ያነሣነው የመቅደላ ዘመቻ ብላንፎርድን ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ አንሺዎችንም ይዞ ነበር። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና የመቀሌ ባልደረቦቹ የ1868ቱ ሥዕሎች የተነሡባቸውን ስፍራዎች ፈልገው፣ በዚያው ቦታ ቆመው ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሡ። ሁለቱ ሲተያዩ፣ መሬቱ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻም የተራቈተ እንደ ነበረ፣ ዛፉም በብዙ ስፍራ ከያኔው ይልቅ አሁን በዝቶ መገኘቱን አሳዩ።

ሦስተኛው የራሳችንን ትምህርት የሚነካ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፣ ዛሬ ግን ወደ ሦስት በመቶ ወርዷል የሚለውን በቃላችን አጥንተን በፈተና ላይ ጽፈናል፤ ሙሉ ነጥብም አግኝተንበታል። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን ግን የዚህን ቍጥር ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ በ1990ዎቹ ሲመረምር፣ በልክ ላይ ያልተመሠረተ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተቀዳ የመጣ ግምት ሆኖ አገኘው። ቍጥር በመደጋገሙ ብቻ እውነት እንደማይሆን የተማርነው ከዚህ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «እንግዲያው ችግሩ ተጋንኗል፣ አፈሩ አያልቅም» የሚል ቢኖር ዐሳባችንን አልተረዳም። ፍጥነቱ በዘመናት ሁሉ አንድ አለመሆኑ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው ሊከፋ እንደሚችል ነው፤ ሁለተኛው ሊሻሻል እንደሚችል ነው። በትግራይ በተደረገው ልክ በማሳ ላይ የተሠራ የድንጋይ እርከን የአፈሩን መከላት በ68 በመቶ ቀንሶታል። የኮንሶ ሕዝብም ከ400 ዓመት በላይ እርከኑን እየጠገነ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ሲኖር መቆየቱ፣ የተዳፋት ዕጣ መራቈት ብቻ እንዳልሆነ የቆመ ምስክር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከምን ጊዜውም ይልቅ ያስቸኩላል። በሱዳን በ1966 ዓ.ም. የተሠራው የሮሰይረስ ግድብ ከመያዣው ከሲሶ በላይ በደለል ስለ ተሞላበት በ2013 ዓ.ም. በዐሥር ሜትር ከፍ ተደርጓል። በመስከረም 2025 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኵብ ውሃ ይይዛል። 100 ሚሊዮን ቶን ደለል በየዓመቱ ቢገባበት፣ ከላይ በያዝነው ክብደት 83 ሚሊዮን ሜትር ኵብ ያህል ነውና፣ ግድቡን ለመሙላት 900 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ይህ ስሌት ሊያጽናናን ይችል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓይነት ስሌት ማሳው 143 ዓመት ብቻ እንደሚቈይ አይተናል። ሁለቱም ቍጥሮች ትንቢት አይደሉም፤ ፍጥነቱ ይለወጣልና። ቢሆንም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚደርሰው በማን ላይ እንደሆነ ያመለክታሉ። የሚቀድመው ግድቡ ሳይሆን ከላይ ያለው ገበሬ ነው።

ሸለቆው በ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተቈፈረ ነውና እርሱን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ መመለስም አያስፈልግም። አፈሩ ግን የሰው ዕድሜ በሚደርስበት ዘመን ውስጥ የሚጠፋና የሚጠበቅ ሀብት ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ፣ በወላጆቻቸው ማሳ ወሰን ላይ የተከመረው ድንጋይ በማን ዘመን እንደ ተጀመረና በያንዳንዱ ትውልድ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንዲመዘግቡ እንለምናለን። በጣቢያ የሚለካው ልክ ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ብቻ ይነግረናል፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ናቸው።